ከባልጩት እስከ ባትሪ ድንጋይ፤ በደቡብ ጎንደር ደጋ የአንድ ዕድሜ ብርሃንና የኪስ ዕቃ

ደብረ ታቦር በስሟ የብርሃን ከተማ ናት። ስሟ የተወሰደው በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ ሲሆን፣ በዓሉ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። ሕዝቡ ቡሄ ይለዋል። ትውፊቱ እንደሚለው ያ ብርሃን በወጣ ጊዜ ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች ገና ያልመሸ መስሏቸው ከሜዳ ስለ ዘገዩ፣ ወላጆቻቸው ሙልሙል ዳቦ ይዘውና ችቦ አብርተው ፍለጋ ወጡ። ጅራፉ፣ ሙልሙሉና ችቦው የአንድ በዓል ዕቃዎች ሆነው የቀሩትም ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል። ከበዓሉ ማግሥት ግን ጨለማው እንደ ልማዱ ይመለሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ቁመቱ ከ4,100 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ አቅራቢያ ስለ ተቀመጠች ሌሊቷ ብርዳም ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ማታ ከቤት የሚወጣ ደገኛ ሁሉ «ምን ይዤ ልውጣ?» ለሚለው ጥያቄ በየቀኑ መልስ መስጠት ነበረበት።

መልሱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ ማሰብ ያስደንቃል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በእስቴ ወይም በስማዳ ተወልዶ ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በልጅነቱ በገል ፍም ተሸክሟል፤ ችቦና ጧፍ አብርቷል፤ በጉርምስናው ከኩራዝ ዳር ተቀምጧል፤ በጎልማሳነቱ ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ በካፖርቱ ኪስ ከቷል፤ በእርጅናው ደግሞ የልጅ ልጁ በስልክ ብርሃን ደጁን ታሳየዋለች። በሌላው ዓለም ብዙ ትውልድ ተራ በተራ የተካፈለውን ለውጥ ይህ ሰው ብቻውን አይቶታል። ዕቃውን በየጊዜው ሲለውጥ የመራው የአዲስ ነገር ፍቅር ብቻ አልነበረም። ብርሃን ቀለብ ይፈልጋል፤ እንጨት፣ ሰም፣ ላምባ ወይም ድንጋይ ይበላል። ሰውየው በየዕድሜው የመረጠው ሊቀልበው የሚችለውን ነው። ሰንጢና ወረንጦ ግን ቀለብ ስለማይጠይቁ ታሪካቸው ከብርሃኑ ታሪክ ጋር አንድ መንገድ አልሄደም።

እሳት በቀድሞው ደጋ የቤት ሀብት ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ ሲነጋ ተቆስቁሶ ይነሣል። እሳት የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ወደ ጎረቤት እሳት ሊያስጭር ይልካል። ስለዚህ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ብርሃን በገል የተጫረ ፍም ነበር ለማለት ይቻላል፤ ያውም የጎረቤት ብድር ነው። ባልጩትና ብረት አጋጭቶ እሳት ማውጣት የመንገደኛና የእረኛ ጥበብ ሲሆን፣ ክብሪት ወደ ገበያው በገባ ጊዜ ባልጩቱ ቀስ በቀስ ከከረጢት ወጣ። ክብሪት የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣና ትርጉሙም ድኝ የሆነ፣ ዕቃውም ስሙም በነጋዴ እጅ የገባ ነው። ፋኖስም እንዲሁ ከዐረብኛ ተወስዶ ሥሩ እስከ ግሪክ ቋንቋ ይደርሳል።

የእረኛው ልጅ ምኞት ብርሃን አልነበረም፤ ሰንጢ ነበር። የሚታጠፍ ስለታም ብረት ያለው ልጅ የገናውን ዱላ ይልጣል፣ ሸምበቆ ቆርጦ ዋሽንት ይሠራል፣ ልጥ ልጦ ገመድ ይጠምዛል። ሰንጢ በእርግጥ የጠብም ዕቃ ሊሆን ስለሚችል አባቶች ለልጅ ለመስጠት ያመነታሉ። ልጁ ግን ያንን ዕቃ በእጁ ሲያስገባ የመንደሩ ሥራ ተካፋይ የሆነ ያህል ይሰማዋል።

ከእረኝነት ወደ ቆሎ ተማሪነት የተሻገረው ልጅ ደግሞ የብርሃንን ዋጋ በሌላ መንገድ ይማራል። የደቡብ ጎንደር ደጋ የአብነት ትምህርት ምድር ነው። ጋይንት በቤተ ልሔም የድጓ፣ በዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ጉባኤዎች ስሙ የተጠራ ነው። በእነዚህ ጉባኤዎች ሥርዓት ንባብና ጽሑፍ በአብዛኛው የቀን ሥራ ሲሆን፣ በቃል የሚያዘው ትምህርት ለምሽትና ለሌሊት ይተው ነበር። መምህሩ በጨለማ ያሰማል፤ ተማሪው በጨለማ ይቀበላል። ለዚህ ሥርዓት ምክንያቱ የብርሃን እጦት ብቻ ነው ማለት ድፍረት ይሆናል፤ በቃል ማጥናት ለራሱ ትልቅ ዓላማ አለው። ይሁን እንጂ ማታ መብራት ለማብራት አቅም የሌለው ጉባኤ ሌሊቱን ለጆሮ፣ ቀኑን ለዓይን አካፍሎ መስጠቱ ጥበብ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። የተማሪው ንብረት ደበሎ፣ አኮፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላ ነው፤ መብራት ከንብረቱ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ጧፍ የዚህ ዓለም የክብር ብርሃን ነው። ከጥጥ የተፈተለ ክር በሰም ተነክሮ ይሠራል፤ ምእመን በስለትና በመባ ለቤተ ክርስቲያን ያገባዋል፤ በማሕሌት ሌሊት አንዱ ይዞ ሌላው ያነብበታል። ሰም ከማር ስለሚገኝ፣ ማርም ከደጋው የተወደደ ምርት ስለሆነ፣ ለግል ጥናት ጧፍ ማንደድ ቅንጦት ነበር። ቁም ጸሐፊ ለመሆን የበቃው ተማሪ ደግሞ ለመቃ ብዕሩ መቅረጫ ካራ፣ ለብራናው መስመር ወስፌ ይይዛል። በእረኝነት ዘመን ዋሽንት የቆረጠበት እጅ አሁን ብዕር ይቀርጻል፤ ስለቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራው ነው።

ከኪስ ዕቃዎች ሁሉ የደጋውን ሰው ኑሮ በይበልጥ የሚገልጠው ወረንጦ ነው። በባዶ እግሩ እሾህ ላይ የሚሄድ ሕዝብ እሾህ የሚነቅል ብረት ከራሱ አይለይም። አንዱ በአንገቱ ክር ያስረዋል፣ ሌላው በካራው ሰገባ ይሰካዋል። ባለ ጸጋው ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ ከመስቀሉ ጋር በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ዛሬ በየሙዚየሙና በሰብሳቢዎች እጅ የሚታዩት ውብ ኩክ ማውጫዎች የዚያ ልማድ ቅሪቶች ናቸው። ዛሬ በምዕራቡ ዓለም ብዙ መሣሪያ ባንድ እጀታ ማጣጠፍ እንደ ትልቅ ፈጠራ ይነገራል። የስዊዘርላንዱ ካርል ኤልሰነር የታወቀውን የመኮንኖች ሰንጢ በሕግ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ካራውን፣ ወረንጦውንና ኩክ ማውጫውን ባንድ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው ግን በበጌምድር ከዚያ በፊት ብርቅ አልነበረም።

ስዊዘርላንድ ከተነሣች ዘንድ ጋፋትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ያደረጓትን ደብረ ታቦርን ዐፄ ቴዎድሮስም ዋና ከተማቸው ባደረጓት ጊዜ፣ በአጠገቧ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከባዝል ከተማ አቅራቢያ ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ማሠልጠኛ የመጡ ናቸው። ወንጌል ሊያስተምሩ መጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በዚያ ተቀልጦ ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡም መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎተቱት። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከመድፉ ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጅን አከበሩ፤ አገሩ ግን በልማዱ ባለ እጅን ይንቅ ነበር።

ንቀቱ በተለይ ያረፈው በቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። በቀድሞው በጌምድር ማረሻውን፣ ካራውንና ወረንጦውን ከሚቀጠቅጡት፣ ማድጋውንና ምጣዱን ከሚሠሩት ዘንድ እነርሱ ዋነኞቹ ነበሩ። ከርስት የተነቀሉ ስለ ሆኑ በእጅ ሥራቸው ይኖሩ ነበር፤ ገበሬው የሠሩትን ብረት በአንገቱ አንጠልጥሎ ሳለ ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በገበያው ላይ ከአገር ልጅ መዶሻ የወጣውን ስለት እየተካ የመጣው ከውጭ የገባ ቀጭን ሰንጢ ነው። የሚያሳዝነው የዕቃው መለወጥ አይደለም፤ ለሠሪው ክብር ሳይሰጥ ጥበቡ ከደጃፉ መራቁ ነው።

ወረንጦ ራሱም ከአንገት የወረደው በሌላ ብረት ተሸንፎ አይደለም። ያወረደው ጫማ ነው። ከጎማ የሚቆረጠው በረባሶ፣ ኋላም ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ በየገበያው ሲበዛ እሾህ ከእግር ራቀ፤ ወረንጦውም ወደ ሴቶች ሙዳይና ወደ ቤት ጥግ ገባ። ዛሬ ወረንጦ የሚፈልግ ሰው ቢኖር በዕድሜ የገፋ ገበሬ ወይም ልጇ እሾህ የወጋው እናት ናት።

ወደ ብርሃኑ ስንመለስ፣ የኩራዝ ዘመን በደጋው የረዘመ ነው። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ የተጣለ ጣሳ ቆርጦ፣ አፉ ላይ የክር ማሳለፊያ በይዶ የሚሠራው ይህ ትንሽ ዕቃ፣ ላምባ እስከ ተገኘ ድረስ የድሃ ቤት ሁሉ መብራት ሆነ። መስተዋት ያለው ፋኖስ ለነጋዴ፣ ለመጠጥ ቤትና ለሹም ቤት ነበር። ኩራዝ ጭሱ ጣራ ያጠቁራል፤ ብርሃኑ ከአንድ ክንድ አይርቅም፤ ቢገለበጥ ቤት ያቃጥላል። ቢሆንም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ለፈተና ያጠና የደጋ ልጅ ሁሉ ከዚያ ጭስ ያልተሳበ አፍንጫ የለውም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲደርስም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ገበሬው ቀን በእርሻ ስለሚውል ፊደል የሚቆጥረው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራት ይጠይቃል። ቀኑን ለዓይን፣ ሌሊቱን ለጆሮ የሰጠው የጥንቱ ሥርዓት በዚያ ዘመቻ ተገለበጠ።

የኤሌክትሪክ ኃይል በዚህ ሁሉ ጊዜ ሩቅ አልነበረም። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጢስ ዓባይ ከደራ ወረዳ ማዶ ነው፤ የፏፏቴው ድምፅ በደቡብ ጎንደር በኩል ይሰማል። ኃይሉ ግን ወደ ባሕር ዳር ከተማና ወደ ፋብሪካዋ ሄደ። ከፏፏቴው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው ገበሬ ለረጅም ዓመታት በኩራዝ ነበር።

የእጅ ባትሪ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በዓለም ታሪክም ወጣት ዕቃ ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ዚንክ፣ ካርቦንና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ያለበትን ሴል ሠራ፤ ሴሉ ፈሳሽ ያዘለ ማሰሮ ስለ ነበረ ግን ኪስ አይገባም። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለውሶ በዚንክ ቆርቆሮ ውስጥ አሸገው። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ሚሴልም ሴሎቹን በአንድ ቱቦ ደርድሮ፣ አምፑልና ማንጸባረቂያ ገጥሞ በጥር 1899 የፈጠራ መብት ተሰጠው። የፊተኞቹ ባትሪዎች ቶሎ ይደክሙ ስለ ነበረ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ግድ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስማቸው ውስጥ «ብልጭታ» የሚል ቃል የተገኘውም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ሴሉን «ድንጋይ» ብሎ ጠራው። ከባልጩት እሳት ሲያወጣ ለኖረ ሰው ብርሃን ከድንጋይ መውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንዳንዱም በጥርሱ ይነክሰዋል። ከተሜ ይህን አይቶ ይስቅ ነበር፤ የኬሚስትሪ መምህር ግን አይስቅም፤ ሙቀት የሴሉን የውስጥ ሥራ ያፋጥነዋል፣ ንክሻውም የደረቀውን ልውስ አንቀሳቅሶ ለአጭር ጊዜ አዲስ ንክኪ ይሰጠዋል። የጉና ብርድ ድንጋዩን ስለሚያደክመው ባትሪውን በጋቢ ውስጥ ከገላ አስጠግቶ መያዝም ከዚሁ ዕውቀት የመነጨ ነው። ለአምፑል ያቃተው ድንጋይ ወደ ራዲዮ ይዛወራል፤ ራዲዮ የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ብርሃን መስጠት ያልቻለው ድንጋይ ለጥቂት ሳምንት ወሬ ያሰማል።

በምርጫው ላይ ዕድሜ በጉልህ የሚታየው እዚህ ነው። ጎረምሳው ባለ ሦስት ድንጋዩን ይወዳል፤ ረጅም ነው፣ ይከብዳል፣ ጨረሩ ከማዶው ጋራ ይደርሳል፣ ጅብ ያባርራል፣ በሠርግ ሌሊትም ባለቤቱን ያስከብራል። ሚስት አግብቶ ልጅ የወለደው ሰው ግን ስለ ሦስተኛው ድንጋይ ዋጋ ያስባል። ባለ ሁለቱን ይዞ፣ መንገዱን ብልጭ አድርጎ አይቶ፣ አጥፍቶ፣ ያየውን በልቡ ይዞ አሥር እርምጃ ይሄዳል። ባላወቀው መንገድ ሚሴል በኒው ዮርክ የሠራውን የፊተኛውን ባትሪ አያያዝ ይደግማል። በዱር ሌባና በሽፍታ ዘመን ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ባትሪውን ከኪሱ አያወጣም ነበር፤ ብርሃን የያዘ ሰው ከማየቱ በፊት ይታያል። በሰው ፊት ላይ ባትሪ ማብራትም ከስድብ ይቆጠራል።

ስለዚህ ዕቃ ሲጻፍ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ባትሪው በባል ኪስ ነበር፤ ኩራዙ በሚስት አጠገብ። የሞተር ወፍጮ ሳይደርስ በፊት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ የምትፈጨው ሴት ከምድጃው ፍም ሌላ ብርሃን አልነበራትም። ባትሪ የቤቱ ከሆነ ከምጥ ሌሊት በስተቀር እጇ የሚገባ አልነበረም፤ በዚያ ሌሊት ግን አዋላጇ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ነገር እርሱ ነው። የደከመ ድንጋይ በጥርስ መንከስ ቀልድነቱ የሚያበቃውም እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቻይና ርዳታ የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርንና ንፋስ መውጫን አቋርጦ ሲያልፍ ላምባውም ድንጋዩም ለገበያው ቀረበ፤ ከመንገዱ የራቁት የስማዳና የእብናት ቀበሌዎች ግን አሁንም በአህያ ጭነት ይጠብቁ ነበር።

ሰውየው ስድሳ ሲሞላ ዕቃው ሳይሆን ዓይኑ ይለወጣል። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ለቅርብ ነገር መታዘዝ ያቆማል፤ ብሌኑም ይጠብባል፤ ሌንሱም ይደፈርሳል። የስድሳ ዓመት ሰው ረቲና የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሢሶ ገደማ ብቻ ነው። ያው ባትሪ፣ ያው ድንጋይ፣ ለአያትየውና ለልጅ ልጁ አንድ ዓይነት ብርሃን አይሰጥም። በዚህ ዕድሜ የሩቅ ጨረር ትርጉሙን ያጣል፤ ሽማግሌው የሚፈልገው እግሩ ሥር ሰፋ ብሎ የሚያርፍና ደረጃውን ከድንጋዩ የሚለይለት ብርሃን ነው።

ቴክኒኩም በዚሁ ጊዜ ተገለበጠ። ጃፓናውያኑ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ ሠርተው በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት፤ ነጩ የኤልኢዲ ብርሃን የተገኘው በዚያ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው። የቀድሞው የባትሪ አምፑል 0.3 አምፔር ያህል ይወስድ ነበር፤ ትንሿ ኤልኢዲ በ0.02 አምፔር ትረካለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በራሱ ላይ መብራት ተገጥሞለት በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ባትሪ ብሎ የሚገዛው ዕቃ አላስፈለገውም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በፀሐይ የሚሞሉት መብራቶች ተከተሉ፤ ቀለባቸው ከሰማይ ስለሚወርድ ሴቲቱም በጓዳ፣ ልጁም በደብተሩ ላይ እኩል ማብራት ቻሉ። በዚህ ምዕራፍ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ሽማግሌው ግን ነጩን ብርሃን «ዓይን ይወጋል» ይላል። ባለሙያው ይህን የአሮጌ ሰው ወግ አድርጎ ባያልፈው መልካም ነው። በደፈረሰ ሌንስ ውስጥ ብርሃን ይበተናል፤ ጠንካራና ጠባብ ነጭ ጨረር ለወጣቱ መንገድ ሲያሳይ ለሽማግሌው ነጭ ጉም ይሆናል። ብርሃንን በመጠን ብቻ የሚለካ መሐንዲስ የሚዘነጋውን፣ ለሰባ ዓመት ጧፍና ፋኖስ የለመደ ዓይን ያስታውሰዋል።

የሞተው ድንጋይም የራሱ ታሪክ ነበረው። በገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራን ያለቀለትን ድንጋይ ሰብረው፣ በውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት በጥብጠው ሰሌዳ ያጠቁሩበት ነበር፤ ከካርቦኑና ከማንጋኒዙ የወጣው ጥቁረት የኖራ ጠመኔን ጽሑፍ አጉልቶ ያሳይ ነበር። ዱቄቱ ለእጅም ለሳንባም እንደማይበጅ የታወቀው ቆይቶ ነው። ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ታሽጎ የተሠራ፣ እየተሞላ የሚበራ ባትሪ ሲሞት ሰሌዳ አያጠቁርም፣ በፀሐይም አይነሣም። በከተማ ያሉት የስልክ ጠጋኞች ግን ልባሱን ከፍተው ኤልኢዲዋን አውጥተው ከአሮጌ የስልክ ባትሪ ጋር ያያይዟታል። የቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጣሳ ቆርጦ ኩራዝ ይሠራ እንደ ነበረው ሁሉ፣ እነርሱም ከተጣለ ዕቃ መብራት ሠርተው ለማታ ይሸጣሉ።